ግቢው ሊለማ ነው፤ ጥዱስ?

ጥያቄ፦ «ኮተቤ አካባቢ 500 ካሬ ሜትር የሚሆን የወላጆቻችን ግቢ አለን። ከአንድ አልሚ ጋር በጋራ ልማት ምድር ቤት ያለው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ለመሥራት ተነጋግረናል፤ ውሉ ገና አልተፈረመም። በአጥሩ ጥግ አንድ ትልቅ የሐበሻ ጥድ፣ ሁለት ወይራና አንድ ዝግባ አሉ። ወላጆቻችን ቦታውን ሲይዙ ቆመው ያገኟቸው ናቸው። አልሚው ሁሉም ይቆረጡና በምትካቸው ሃምሳ ችግኝ እተክላለሁ ይላል። ወንድሞቼ ተስማምተዋል፤ እኔ ግን አልቻልኩም። ዛፎቹን ማዳን ይቻላል? ሕጉስ ከእኔ ጋር ነው?»

ምላሽ፦

ይቻላል። አራቱንም ላይሆን ይችላል፤ ግን ይቻላል። ውሉ አለመፈረሙ ትልቅ ዕድል ነው። በከተማችን ግቢዎች ውስጥ ያሉ ነባር ዛፎች ዕጣ የሚወሰነው ሳይት ፕላኑ፣ ማለትም ሕንፃው በግቢው ውስጥ የት እንደሚያርፍ የሚያሳየው ንድፍ፣ ሲሣል ነው፤ መጋዙ የሚመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። በፕላኑ ላይ ያልተመለከተ ዛፍ ለአርክቴክቱም፣ ለሕንፃ ሹሙም፣ ለኤክስካቫተር ነጂውም እንደሌለ ይቆጠራል። ብዙ ጊዜ ሰዎች ለምክር የሚጠሩኝ ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚቀረኝ ሥራ ዛፉ ስንት ዓመት ታሞ እንደሚቆይ መገመት ብቻ ይሆናል።

ወንድሞችዎን ያሳመናቸው የሃምሳው ችግኝ ነገር ይመስለኛልና ከእርሱ ልጀምር። ቅርንጫፉ ከዳር እስከ ዳር 10 ሜትር የሚሰፋ ጥድ 78 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ያጠላል። አዲስ የተተከለ ችግኝ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ የሚያጠላው 0.07 ካሬ ሜትር ነው። በጥላ ብቻ ብናሰላው የአንዱን ጥድ ቦታ ለመሙላት ከ1,000 በላይ ችግኝ ያስፈልጋል፤ ያውም ሁሉም ከጸደቁ። ሃምሳዎቹስ የት ይተከላሉ? ሕንፃው ግቢውን ከሞላው በኋላ የሚተርፈው በአጥሩ ሥር አንድ ሜትር የማይሞላ የአበባ መደብ ነው። በዚያ ላይ የሐበሻ ጥድና ወይራ አዝጋሚ ዛፎች ናቸው፤ ዛሬ የተተከለውን ጥድ ትልቅ ሆኖ የሚያየው የልጅ ልጅ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ለአረንጓዴ ዐሻራ የሚወጣውን ሕዝብ እያየሁ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። መትከል አንድ ነገር ነው፤ የቆመውን ለመቁረጥ ችግኝን ማሳበቢያ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህን አልቀበልም።

«ነቅለን ሌላ ቦታ እንተክለዋለን» የሚል ሐሳብም ይመጣብዎታል። ትልቅ ዛፍ ሲነቀል ይዞት መሄድ የሚገባው የሥርና የአፈር ቋት ስፋት ቢያንስ የግንዱን ውፍረት አሥር እጥፍ ነው። ግንዱ 70 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ጥድ ይህ 7 ሜትር ስፋት ያለው የአፈር ክምር ማለት ነው። በእርስዎ ግቢ በር የሚያወጣው መኪና የለም። ሥሩ ተቆራርጦ በክሬን የተነሣ ጥድ ደግሞ አዲሱ ቦታ ላይ ቆሞ የሚደርቅ ጥድ ነው።

አሁን ወደ ዛፎቹ። በመጀመሪያ ጥዱ በእርግጥ የሐበሻ ጥድ መሆኑን ያረጋግጡ። ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድ ከሩቅ ሲያዩት ይመስለዋል፤ ፍሬው ግን እንጨት የሆነ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ድቡልቡል ነው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ለስላሳና ትንሽ፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁርነት የሚሄድና ነጭ ዱቄት የነካው የሚመስል ነው። ይህን መለየት የሚጠቅመው ለክርክርዎ ነው። ግቢው ውስጥ የፈረንጅ ጥድ፣ ግራቪሊያ ወይም ባሕር ዛፍ ቢኖር ኖሮ እነርሱን ለሕንፃው ይልቀቁ ባልኩ ነበር፤ በአሥርና በሃያ ዓመት ይተካሉ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመንጥሮ ነው በአፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ እንዲገባ ያስገደደው። በእርስዎ አጥር ሥር ያሉት አራቱ ዛፎች የዚያ ደን ዝርያዎች ናቸው፤ በየግቢው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በእንጦጦ ጥጋጥግ ተበታትነው የቀሩት ናቸው ዛሬ ለከተማዋ ዘር የሚሰጧት።

የዘሩ ጉዳይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለው። ጥድና ዝግባ (ኮሶም እንዲሁ) ወንዱና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ነው። የእርስዎ ጥድ ፍሬ ይዞ ካዩት ሴት ነው፤ በነፋስ ብናኝ የሚልክለት ወንድ ጥድ በአቅራቢያው፣ ምናልባትም ከሰፈሩ በአንዱ ግቢ፣ አለ ማለት ነው። ያ ወንድ ጥድ ለሌላ ሕንፃ ከተቆረጠና ሌላ ወንድ በቅርብ ከሌለ የእርስዎ ጥድ በሕይወት እያለ መካን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር መነጋገር ይገባል፤ ሰፈሩ ውስጥ የቀሩትን ትልልቅ ዛፎች በአንድ ወረቀት መዝግቡ፤ የትኛው ፍሬ እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደማይይዝ ጻፉ። ጠዋት ጠዋት አረንጓዴዎቹን ትናንሽ በቀቀኖች በጥዱ ላይ ካዩ ፍሬውን ሲበሉ ነው። እነዚህ ወፎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዱር አይገኙም፤ የሚፈለፍሉትም በአሮጌ ዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። ችግኝ ሽንቁር የለውም።

ስለ ሕጉ እውነቱን ልንገርዎት፤ ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ጋር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው ግን በመንግሥትና በክልል ደን ውስጥ ላሉት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የደን አዋጆች፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1065 ጨምሮ፣ ዓይናቸው ደን ላይ ነው፤ በመኖሪያ ግቢ አጥር ሥር ለቆመ አንድ ዛፍ የተጻፉ አይደሉም። የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን ከመሬቱ 30 በመቶው አረንጓዴ እንዲሆን ያስባል፤ ንድፉ ለውይይት ሲቀርብ ይህን ማንሣት ያስኬዳል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ በአካባቢ ላይ ጉዳት የሚያደርስን ሰው ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ይህ በር ለጎረቤትም ክፍት ነው። ነገር ግን ለአንድ ግቢ ዛፍ ይህን መንገድ የመጀመሪያ ምርጫ አላደርገውም፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ዛፉ ማገዶ ሆኖ ያልቃል።

(ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ የግንዱ ዙሪያ 100 ኢንች፣ ማለትም 2 ሜትር ከ54 ሳንቲ የደረሰ ጤናማ ዛፍ «የቅርስ ዛፍ» ነው፤ ከጥቂት ዝርያዎች በቀር የግቢው ባለቤት እንኳ አይቆርጠውም፤ ዙሪያው ከ44 ኢንች የጀመረውም ያለ ፈቃድ አይነካም። እኛም እንዲህ ያለ ግልጽ ልክ ያስፈልገናል፤ የምክር ቤት አባል የሚያውቅ ሰው ይህን ቢያነሣልን እወዳለሁ።)

የእርስዎ ትልቁ አቅም ያለው ከአዋጁ ይልቅ በውሉ ውስጥ ነው። በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 እንዲህ ይላል። ይዞታው የእናንተ ነው፤ አልሚው ያለ ፊርማችሁ አንድ ድንጋይ አያነሣም። ስለዚህ ዛፎቹ በውሉ ውስጥ በስምና በቁጥር ይግቡ፤ ቦታቸውን የሚያሳይ ሳይት ፕላን አባሪ ይሁን፤ አንዱ ቢቆረጥ ወይም በግንባታው ምክንያት ቢደርቅ የሚከፈለው መቀጫ በብር ይጻፍ። መቀጫው አልሚው ከዛፉ ቦታ ሊያገኝ ከሚችለው ጥቅም መብለጥ አለበት፤ ካነሰ ከፍሎ ይቆርጠዋል። ዛፍ ዛሬ ተጎድቶ ዛሬ አይሞትምና መያዣ የሚሆን ገንዘብ ወይም አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ሁለት ክረምት እስኪያልፍ በእናንተ እጅ ይቆይ። እዚህ ላይ ጠበቃ ያስፈልግዎታል፤ የጠበቃው ዋጋ ከዛፉ አይበልጥም።

አሁን ሜትር ይያዙና ወደ ግቢው ይውጡ። ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ከፍታ ላይ የግንዱን ዙሪያ ይለኩ፤ በ3.14 ያካፍሉት፤ ውፍረቱን ያገኛሉ። ውፍረቱን በ12 ያባዙት። የሚያገኙት ቁጥር ከግንዱ ተነሥቶ በሁሉም አቅጣጫ መጠበቅ ያለበት ርቀት ነው። ውፍረቱን በ12 የማባዛቱን ስሌት እንግሊዞችም አውስትራሊያውያንም ለግንባታ ቦታ ይጠቀሙበታል፤ ለእኛም ይሠራል። ዙሪያው 2 ሜትር ከ20 የሆነ ጥድ ውፍረቱ 70 ሳንቲ ሜትር፣ የጥበቃ ርቀቱ 8 ሜትር ከ40 ነው። ይህ ክብ 220 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ከ500 ካሬ ግቢዎ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ አልሚው ይህን ሲሰማ እጁን ያነሣል፤ እውነቱን ነው።

ግን ዛፉ ያለው በአጥሩ ጥግ ነው ብለዋል፤ መፍትሔውም ከዚያ ይመጣል። የክቡ ከፊል በጎረቤት ግቢና በመንገዱ በኩል ይወድቃል፤ በጎረቤት በኩል ያለው ክፍት አፈር ከሆነ ሥሩ ወደዚያም ሄዷል። ሕንፃው ከወሰን ሸሽቶ እንዲሠራ የሚገደድበት ክፍት ቦታም አለ፤ ያ ክፍት ቦታ በዛፉ በኩል እንዲሰፋ፣ በሌላው በኩል እንዲጠብ ማድረግ የአርክቴክቱ ሥራ ነው። ከክቡ አንድ አሥረኛው በአንድ ወገን ቢነካ ጤነኛ ዛፍ ይችለዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሥሩ ወዴት እንደሄደ በእጅ ቆፍሮ ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ልክ ዛፍ ከግንዱ 3 ሜትር ወዲህ ግን በምንም ምክንያት አይቆፈርም፤ ዛፉን ቀጥ አድርጎ የያዘው ሥር እዚያ ነው፤ ከተቆረጠ የሚቀጥለው የክረምት ነፋስ ይጥለዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ምድር ቤቱ ነው። ምድር ቤት ከአጥር እስከ አጥር ይቆፈራል፤ ለመኪና ማቆሚያ ሲባል ከላይ ካለው ሕንፃ ይሰፋል። ከአልሚው ጋር በጥብቅ የምትከራከሩበት ነጥብ ይህ ይሁን፦ ምድር ቤቱ በዛፎቹ በኩል እንዲያጥር፣ የጎደለው መኪና ማቆሚያ በሌላ መንገድ እንዲሟላ። ከእናንተ ድርሻ ጥቂት ካሬ መልቀቅ ካለባችሁ ልቀቁ፤ ይህን ለወንድሞችዎ ከአሁኑ ይንገሯቸው፤ ዛፍ ያለ ወጪ አይድንም።

ሁለተኛው ወጥመድ ደግሞ ማንም የማያስበው ነው። ሕንፃው ከተነደፈ በኋላ ክፍት የቀረችው ቦታ የሁሉም ነገር ማስቀመጫ ትሆናለች፤ ሴፕቲክ ታንክ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ ጄኔሬተር፣ የጥበቃ ቤት፣ የመብራትና የውኃ መስመር ሁሉ ወደዚያች ጥግ ይገፋል። አርክቴክቱ ዛፉን በፕላኑ ላይ በአረንጓዴ ክብ ሥሎት፣ የሳኒተሪ መሐንዲሱ በሌላ ወረቀት ላይ በዚያው ክብ መሐል የፍሳሽ መስመር ያሳልፋል። የፕላን ስምምነት ከመጠየቁ በፊት የአርክቴክቱ፣ የስትራክቸሩ፣ የሳኒተሪውና የኤሌክትሪኩ ንድፎች በሙሉ ላይ ያው የጥበቃ ክብ መሣሉን እርስዎ ራስዎ ገልጠው ይዩ።

ወደ ግንባታው ስንመጣ፣ ዛፍ ከታች እንደሚሞት ይወቁ። አብዛኛው ሥር ያለው ከላይ ባለው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ውኃና አየር እዚያ ስለሚያገኝ። ገልባጭ መኪና ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ አየር አይገባውም፤ ውኃ ከላዩ ይንሸራተታል። አንድ ግቢ ውስጥ ያየሁትን ላንሣ። ትልቅ የጥድ ዛፍ እንዳይቆረጥ ባለቤቶቹ ለምነው ነበር፤ ሥራ ተቋራጩም አልቆረጠውም። ከሥሩ ግን አሸዋና ጠጠር ተከመረ፤ የሚክሰሩ እጣቢ በየማታው እዚያው ፈሰሰ፤ መጨረሻ ላይ ግቢው እንዲስተካከል ግንዱ እስከ ጉልበት በቀይ አሽ ተሞላ። ሕንፃው ሲመረቅ ጥዱ አረንጓዴ ነበር፤ ፎቶም ተነሡበት። በዓመቱ አናቱ ሳሳ፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እየነጣ መጣ። ቀይ አሹን ስንጠርገው የግንዱ ልጥ ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ በጣት ሲነካ ይላጥ ነበር። ሰዎቹ ተባይ ገባበት ብለው መድኃኒት እየረጩ ነበር።

ስለዚህ አጥር ያስፈልጋል። ቀለም ያለው ፕላስቲክ ገመድ አጥር አይደለም። በአጣናና በቆርቆሮ፣ በጥበቃ ርቀቱ ላይ፣ ሰው ከፍታ ያለው አጥር ይታጠር፤ የሚታጠረውም አሮጌው ቤት ከመፍረሱ በፊት ይሁን፤ ብዙ ዛፍ የሚቆስለው በማፍረሱ ቀን ነው። በውስጡ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ አፈር፣ የሠራተኛ ምድጃ፣ ምንም አይግባ። ሲሚንቶ የነካው ውኃ የአፈሩን ጠባይ ስለሚለውጥ ለጥድና ለወይራ ሥር መርዝ ነው። ፎርማኑን በስሙ ያነጋግሩት፤ ለምን እንደታጠረ ያስረዱት፤ ከውሉ ይልቅ በየቀኑ እዚያ የሚውለው እርሱ ነው። በክቡ ዳር የግድ መቆፈር ካለበት በዶማና በአካፋ ይሁን፤ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ሥር ሲገኝ በስለት መጋዝ ጥርት ተደርጎ ይቆረጥና አፈሩ እስኪመለስ በረጠበ ጆንያ ይሸፈን። በኤክስካቫተር የተቦጨቀ ሥር እስከ ግንዱ ድረስ ይሰነጠቃል።

በበጋ ውኃ ይጠጣ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሥሩ የተነካ ዛፍ ራሱን መቻል ይከብደዋል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ በክቡ ውስጥ ጠልቆ እንዲገባ ያጠጡት። መሬቱን በእንጨት ስባሪና በደረቅ ቅጠል ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሸፍኑት፤ ግንዱን ግን አያስነኩት። ሥራው ሲያልቅ በጥበቃ ክቡ ላይ ኮንክሪት አይፈሰስ፤ መራመጃ ካስፈለገ ኮብልስቶን በአሸዋ ላይ፣ መገጣጠሚያው ክፍት ሆኖ ይነጠፍ።

አልሚው «ሥሩ መሠረቱን ያነሣዋል» ማለቱ አይቀርም። ዋርካና ሾላ ቢሆኑ ኖሮ ሥጋቱን እጋራው ነበር። ለጥድና ለወይራ ጥያቄው የአፈሩ ዓይነት ነው። አፈሩ መረሬ ከሆነ፣ ክረምት የሚያብጥና በጋ የሚሰነጠቅ ነውና፣ ዛፍ ውኃውን ሲመጥ አፈሩ ይበልጥ ይኮማተራል፤ በላዩ ላይ የተቀመጠ አጭር መሠረት ሊሰነጠቅ ይችላል። የአምስት ፎቅ መሠረት ግን ለራሱ ሲል መረሬውን አልፎ ጠንካራ መሬት ላይ መድረስ አለበት፤ እዚያ ከደረሰ ዛፉ አያሠጋውም። እንዲያውም ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው በተቃራኒው ነው፦ በመረሬ ላይ ትልቅ ዛፍ ሲቆረጥ መጠጡ የቀረው አፈር ለዓመታት እያበጠ ይሄዳል፤ የአጥሩንና የጎረቤትን ቤት ወለል ያነሣል። የአፈር ምርመራ ለሕንፃው መሠራቱ ስለማይቀር ውጤቱን ይጠይቁ።

መግረዝን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ የጥዱን አናት ማንም አይቁረጠው። ጥድ ቅጠል ከሌለው እንጨት መልሶ አያቆጠቁጥም፤ የተቆረጠበት በኩል ገላጣ ሆኖ ይቀራል። ለክሬን ወይም ለስካፎልዲንግ ቦታ ካስፈለገ ዝቅ ያሉት ቅርንጫፎች ከመነሻቸው በሥርዓት ይነሡ። ወይራ ይቻለዋል፤ ከጉቶው እንኳ ያቆጠቁጣል።

ይህም ምርጫ ላይ ይረዳዎታል። ቦታቸውን ሳላይ የምፈርደው ባይሆንም፣ አራቱን ማዳን ካልተቻለ ቅደም ተከተሌ እንዲህ ነው፦ አንደኛ ጥዱ፣ በተለይ ፍሬ የሚይዝ ከሆነ፤ ሁለተኛ ዝግባው፣ ቦታው ከምድር ቤቱ ውጭ ከሆነ፤ ከወይራዎቹ በጥሩ ቦታ ያለው አንዱ። በግንዱ ላይ ሽንቁር መኖሩ ብቻውን ዛፉን አደገኛ አያደርገውም። ዛፉ ዘንበል ባለበት ተቃራኒ አፈሩ ተሰንጥቆ ከተነሣ፣ ወይም ከግንዱ ሥር እንጉዳይ ከወጣ ግን አደገኛ ነው፤ ይቆረጥ። ምድር ቤቱ እስከ ግንዱ 3 ሜትር ድረስ ካልመጣ አይሆንም ከተባለም ዛፉን ለይስሙላ አታቁሙት። ሥሩ የተቆረጠ ረጅም ዛፍ አምስት ፎቅ ሕዝብ ከሚኖርበት ሕንፃ አጠገብ መቆም የለበትም፤ ያኔ በግልጽ ተቆርጦ፣ እንጨቱ ለቤተሰቡ ቢቀር ይሻላል። የጥድ እንጨት ምስጥ የማይደፍረው ነውና ለአዲሱ ቤት በርና መስኮት ይሆናል፤ በማገዶ ዋጋ አይሽጡት።

በዚህ ሳምንት የሚሠሩት ሥራ ይህ ነው፦ የአራቱን ዛፎች ዙሪያ ይለኩ፤ ሰርቬየር ጠርተው ግንዳቸውን፣ የቅርንጫፋቸውን ስፋትና የመሬቱን ከፍታ በካርታው ልክ ያስነሡ፤ ያንን ወረቀት ይዘው ከወንድሞችዎ ጋር ወደ አልሚው አርክቴክት ይሂዱና ሁለት አማራጭ ንድፍ ይጠይቁ፤ አንዱ ዛፎቹ ሲቆረጡ፣ አንዱ ጥዱና ዝግባው ሲቀሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነ በቁጥር ያሳዩዎት። አጥር ዳር ላሉ ዛፎች ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ወንድሞችዎ ከሚፈሩት ያነሰ ነው። ቁጥሮቹን ካገኙ በኋላ መልሰው ይጻፉልኝ፤ ንድፉን አይቼ የጥበቃ መስመሩን አብረን እናሰምራለን።